የቢቸናና የሞጣ አየር፤ በየወራቱ የሚመጣውም ደዌ

ከሞጣ አካባቢ አንድ መምህር ለጽሕፈት ቤታችን በላኩት ደብዳቤ የሚከተለውን ጥያቄ አቅርበውልናል። ክረምቱ ካለፈ፣ ጭቃው ከደረቀ፣ ሰማዩም ከጠራ በኋላ፤ ይኸውም በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፤ ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያላቸው ከትምህርት ይቀራሉ። ሞጣ ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ትንኝም በቤት ውስጥ እምብዛም አይታይም። ወላጆች «ብርድ መታው» ይላሉ፤ ወይም «እሸት በልቶ ነው» ይላሉ። ታዲያ ይህ ትኩሳት ከወዴት ይመጣል? ሲሉ መምህሩ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ለሞጣ ብቻ ሳይሆን ለቢቸና፣ ለደብረ ወርቅና ለመርጡለ ማርያም ሕዝብም የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር እትማችን ሰፋ አድርገን ልንጽፍበት ወደድን። ይሁን እንጂ መልሱን ለመስጠት አስቀድሞ ስለ ወራቱና ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት መናገር ግድ ይሆናል።

በባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን፣ መፀው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ነው። የአየር ጠባይን የሚመረምሩ ባለሙያዎች ግን ዓመቱን ከሦስት ከፍለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ክረምት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን በልግ ይሉታል። ሁለቱም አከፋፈል በየቦታው ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው በትምህርት ቤት የሚደረገው ነው፤ ይኸውም የአውሮፓን አራት ወቅቶች አንድ በአንድ ከእኛዎቹ ጋር ማዛመድ ነው። የእነርሱ «ዊንተር» በረዶ የሚወርድበት ታኅሣሥና ጥር ሲሆን፣ ለእኛ ያ ጊዜ ፀሐይ የሚጠራበት የአውድማ ወራት ነው። መስከረምንም አበባ ስላለበት ብቻ ጸደይ ብለው የሚያስተምሩ አሉ። እኛም ራሳችን በውጭ አገር ስንማር «የዊንተር በሽታዎች» የሚለውን ምዕራፍ በደብተራችን «የክረምት በሽታዎች» ብለን ገልብጠን ነበር። ወደ አገራችን ተመልሰን የመጀመሪያውን ክረምት ባሳለፍን ጊዜ ያ ደብተር ምን ያህል እንዳሳሳተን ተረዳነው።

አገራችን የሚገኘው በምድር ወገብና በሰሜናዊው የፀሐይ መመለሻ መካከል ነው። ቢቸና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪ ተኩል፣ ሞጣ በ11 ዲግሪ አጠገብ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 10 ቀንና በነሐሴ 18 ቀን አካባቢ፣ በቀትር በራሳችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በሚያዝያ ሰማዩ ጥርት ያለ በመሆኑ ሙቀቱ ይሰማናል፤ በነሐሴ ግን ደመናው ይሸፍናታልና ብርድ ይሆናል። የዝናሙም መቀነት የፀሐይን መንገድ ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ እርጥበት ያዘለው ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ እየመጣ በጮቄ ተራራ ላይ ይወጣና ይቀዘቅዛል፤ ውኃውንም ያወርዳል። ከዓመቱ ዝናም ከሦስት እጅ ሁለት እጅ የሚበልጠው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው።

ነገር ግን በዚህ አገር ሙቀትንና ብርድን የሚወስነው ከወራቱ ይልቅ ከፍታው ነው። ሰው በ100 ሜትር ከፍታ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ሙቀቱ ከአንድ ዲግሪ በአሥር ስድስት እጅ ያህል ይቀንሳል። የጮቄ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ይበልጣል። ቢቸናና ሞጣ በ2500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠዋል። ከደጀን ወርዶ በሚሻገሩት ድልድይ አጠገብ የአባይ ሸለቆ ወለል 1000 ሜትርን ጥቂት ቢያልፍ ነው። አንባቢው ራሱ ማስላት ይችላል፤ በቢቸናና በአባይ ዳር መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1500 ሜትር ያህል ስለ ሆነ የሙቀቱ ልዩነት 9 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። ከፍታው ከሁለቱ ከተሞች ብዙ በማይለየው በደብረ ማርቆስ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ በሸለቆው ወለል 25 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የቢቸና ሰው በመስኮቱ ቁልቁል የሚያየው አገር፣ በአየሩ ጠባይ ሲታይ ሌላ አገር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በኅዳር ተማሪዎቹን የሚያንቀጠቅጣቸው በአብዛኛው ወባ ነው፤ በቀድሞ አጠራሩ ንዳድ የሚባለው። ፈረንጆች ማላርያ ይሉታል፤ ቃሉ የኢጣልያንኛ ሲሆን «ክፉ አየር» ማለት ነው። በጥንት ዘመን በእነርሱም ዘንድ ሕመሙ ከረግረግ ከሚወጣ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበርና። ወባን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርሰው ትንኝ መሆንዋን ሮናልድ ሮስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በህንድ አገር ማየት የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. ነው። የእኛም አባቶች ስለ ትንኝዋ ባያውቁ ከቆላ ማደርን አጥብቀው ይፈሩ ነበር፤ በቀን ወርደው በቀን መመለስን ይመርጡ ነበር። ትንኝዋ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት በመሆኑ ልማዳቸው ትልቅ ጥበብ ነበረበት።

ትንኝዋ ከታመመ ሰው ደም ስትመጥ የወባን ዘር አብራ ትወስዳለች። ያ ዘር ግን ወዲያው ሌላውን ሰው አያስይዝም፤ አስቀድሞ በትንኝዋ ሆድ ውስጥ ማደግና ወደ ምራቅዋ መውጣት አለበት። ለዚህ የሚፈጅበት ጊዜ በአየሩ ሙቀት ይለካል። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት በ25 ዲግሪ ሙቀት በ12 ቀን ያህል ይበስላል። በ20 ዲግሪ 28 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በ18 ዲግሪ 55 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ ትንኝ ግን ይህን ያህል ዕድሜ ስለማይኖራት ዘሩ ሳይበስል እርስዋ ትሞታለች። ከ16 ዲግሪ በታች ከሆነ እድገቱ ጨርሶ ይቆማል። ቢቸናንና ሞጣን የጠበቃቸው ይህ ነው፤ ማለት ብርዱ ነው። ትንኝ አልፎ አልፎ በከተማው ብትገኝ እንኳ በሆድዋ ያለው ዘር በብርዱ ምክንያት ፍጻሜ አያገኝም።

ታዲያ ተማሪዎቹ ስለ ምን ይታመማሉ? ከተማው ባይወርድ እነርሱ ስለሚወርዱ ነው። ከደጋው ገበሬዎች ብዙዎቹ በአባይ ሸለቆና በገባሮቹ በሱሃና በሙጋ ዳገት ላይ የቆላ እርሻ አላቸው። ማሽላው ከመስከረም ጀምሮ እሸት ሲይዝ ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቀው ልጅ ነው። ልጁም ማማ ላይ ያድራል፤ ወይም ከማማው ሥር እሳት አንድዶ ይተኛል። በዚያው ወራት ዝናሙ ስላቋረጠ፣ በክረምት በጎርፍ ይታጠቡ የነበሩ ጅረቶች ጸጥ ብለው በየድንጋዩ መካከል ትንንሽ ኩሬ ይሆናሉ። በከብት ኮቴ የተረገጠው ጭቃም ውኃ ይቋጥራል። የወባዋ ትንኝ እንቁላልዋን መጣል የምትወደው በዚህ ዓይነት ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነው። በሐምሌ ብርቱ ዝናም እጭዋን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ በመስከረምና በጥቅምት ግን የሚያጥብ ጎርፍ የለም፣ የሚያደርቅ በጋም ገና አልደረሰም። ከክረምቱ ይልቅ የክረምቱ መውጫ የሚያስፈራው ስለዚህ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ያለው ጊዜ በአገራችን ትልቁ የወባ ወራት ነው።

ልጁ በተነከሰ ከ9 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ዘግይቶ፣ ትኩሳት ይጀምረዋል። በዚህ ጊዜ ማሽላው ታጭዶ፣ ልጁ ወደ ደጋው ተመልሶ፣ ከክፍሉ ገብቶ ይሆናል። ሕመሙ የተያዘው ከታች በሙቀቱ፣ የታየው ከላይ በብርዱ ነው፤ ስለዚህም «ብርድ መታው» ይባላል። በዚህ ስሕተት ምክንያት ነው ወላጅ ልጁን ጋቢ አልብሶ፣ ትኩስ ነገር እያጠጣ ሦስትና አራት ቀን በቤት የሚያቈየው። ፋልሲፓረም ግን በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ወደ አንጎል ወጥቶ ሕፃንን ሊገድል ይችላል። እኛ በሥራችን ላይ እንዲህ የዘገዩ ልጆችን አይተናል፤ ከነርሱም ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ አሉ።

«እሸት በልቶ ነው» ስለሚባለው ደግሞ ጥቂት መናገር ይገባል። እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ስንሰማ እንደ ተራ ወሬ ቈጥረነው ነበር። ወባ በምግብ አይተላለፍም፤ ይህ የማያጠራጥር ነው። ነገር ግን በምዕራብ ጎጃም በቡሬ አካባቢ ተደርጎ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 የታተመ ምርምር አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳይቷል። በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቀበሌ የወባ ሕመም በቆሎ ጥቂት ከሚዘራበት 9 እጥፍ ተኩል ያህል በልጦ ተገኘ። ምክንያቱም በቆሎው ሲያብብ የሚበትነው ዱቄት በኩሬው ላይ እየወደቀ ለትንኝዋ እጭ ምግብ ይሆናል፤ ጠግቦ ያደገ እጭም ብርቱና ዕድሜው የረዘመ ትንኝ ይወጣዋል። ዘግየት ብለው የሚደርሱት አዳዲስ የበቆሎ ዘሮች የሚያብቡት ደግሞ ልክ ኩሬው በሚበዛበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ እሸቱና ንዳዱ አብረው እንደሚመጡ በትክክል አይቶ ነበር። የሳተው እሸቱ የሚገባበትን አፍ ነው፤ በቆሎውን የበላችው ትንኝዋ ናትና።

ደጋው በብርዱ ይጠበቃል ስንል ለዘላለም ይጠበቃል ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ከልማድ የወጣ ዝናምና ሙቀት ሆኖ፣ ከዚያ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ወባ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ሳይቀር ተስፋፋ። በሽታውን ለምዶት የማያውቅ ሕዝብ ስለ ነበረ ጉዳቱ እጅግ ከፋ፤ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ይህ መቅሠፍት በደረሰ በማግሥቱ፣ በ1951 ዓ.ም. ነው። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ወረዳዎችን የነካ ሌላ ወረርሽኝ ሆነ። በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ አገር የተሰበሰበውን የብዙ ዓመት መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንትም፣ ዓመቱ ሲሞቅ ወባ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝም እንደሚወርድ በ2006 ዓ.ም. አስታውቀዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2024 እስከ ጥቅምት ወር አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። የምድር ሙቀት እየጨመረ በሄደበት በዚህ ዘመን፣ 2500 ሜትር ላይ ያለ ከተማ ሕመሙ ከእግሩ ሥር መሆኑን ማስታወስ ይኖርበታል።

ስለ መከላከያው የምንለው ጥቂት ነው። ወደ ቆላ የሚወርድ ልጅ አጎበር ይዞ ይውረድ። አጎበር ለአልጋ ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው አሉ፤ በማማው አራት ቋሚዎች ላይ በገመድ ቢወጠርና ጫፉ ከመኝታው ሥር ቢታጠፍ እንደ አልጋ አጎበር ያገለግላል። እሳት ዳር አምሽቶ መጫወትም ያለ ነው፤ ትንኝዋ ግን መኝታ እስኪደርስ አትጠብቅምና ቢያንስ ጋቢው እግርን ጭምር ይሸፍን። ትኩሳት የጀመረው ሰው ሁሉ፣ ሕፃንም ሆነ አዋቂ፣ 24 ሰዓት ሳያልፍ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጤና ኬላ ሄዶ ከጣቱ ጠብታ ደም ያስመርምር። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለፋልሲፓረም የሚሰጠው መድኃኒት አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተባሉት በአንድነት ያሉበት ኪኒን ሲሆን የሚወሰደውም ሦስት ቀን ነው። በማግሥቱ ትኩሳቱ ሲለቅ የቀረውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ ወይም ለጎረቤት የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያደረገ ሰው ግማሽ ሕመሙን በደሙ አስቀርቷል።

በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወራት ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርደው የሚመለሱትም ጐልማሶች በዚሁ ሥርዓት ይታዩ። በነርሱ ላይ ከወባ ሌላ ካላአዛር የሚባል፣ ትኩሳቱ ሳምንታት የሚቈይ፣ ሆድን የሚያሳብጥና ሰውነትን የሚያከሳ ደዌም ይገኛልና፣ በወባ መድኃኒት ያልተሻለው ሰው ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ እናሳስባለን።

የቀሩትን ወራት ባጭሩ እንለፋቸው። ክረምቱ ራሱ የቅማል ወራት ነው። ሰው በብርዱ ምክንያት ልብሱን አያወልቅም፤ ቢያጥብም ማድረቂያ ፀሐይ የለም፤ በአንድ ጎጆ ተጠጋግቶ ይተኛል። ተስቦና ግርሻ የሚባሉት ሁለቱ ትኩሳቶች በቅማል ይተላለፋሉ። ቅማል የታመመ ሰው ገላ ሲግልባት ትታው ወደ ጤነኛው ጎረቤት ትሄዳለች። በጥፍር የምትደፈጠጥ ቅማል ደግሞ የግርሻን ዘር በተቧጨረ ቈዳ በኩል ታስገባለች፤ ስለዚህ ልብሱን በፈላ ውኃ መቀቀል እንጂ በጥፍር መግደል አይበጅም። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ከሌላው ዓለም ጠፍቶ ዛሬ የቀረው ከሞላ ጎደል በእኛ አገርና በአካባቢው ነው። በዲማና በደብረ ወርቅ አካባቢ በትንንሽ ጎጆ ተጠጋግተው የሚያድሩት የቆሎ ተማሪዎች የመጀመሪያ ተጠቂዎች እንዳይሆኑ፣ ጎረቤት የሆነ የከተማ ሰው ከቍራሽ ጋር አንድ ድስት የፈላ ውኃ ቢጨምርላቸው እንወዳለን።

በጭቃው ወራት የሚዘነጋው ሌላው ነገር እግር ነው። በጎጃም የሚታየው የእግር ዝሆኔ በትንኝ የሚመጣ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለብዙ ዓመት በመሄድ የሚመጣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል ሕመም መሆኑን ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ባደረጉት ምርመራ አስረድተዋል። ከፍ ያለና ዝናሙ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ አገር ይስማማዋል። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች በተደረገ ቈጠራ ዕድሜአቸው 15 ዓመት ከሞላ ሰዎች መካከል ከ100 ሦስት ያህል ተይዘው ተገኝተዋል። ሕመሙ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በሽተኛውን ከማኅበርና ከጋብቻ ማግለል ስለዚህ በደል ነው። ማታ ማታ እግርን በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል፤ የጀመረውንም ያስታግሠዋል።

በጋው ሲገባ ትኩሳቱ ይቀንሳል፤ ዓይን ግን ይታመማል። ምንጩ ሲርቅ ፊት መታጠብ ይቀራል፤ ዝንብ ደግሞ ከአንዱ ሕፃን ዓይን ወደ ሌላው ትራኮማን ታደርሳለች። አንድ ጣሳ ውኃ ለብዙ ሕፃናት ፊት ይበቃል፤ በእጅ ላይ እየተፈሰሰ ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ ሳህን አይነከር።

በግንቦትና በሰኔ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናም ደግሞ በበጋው በየሜዳው የተጣለውን ዓይነ ምድር ሁሉ ጠራርጎ ወደ ምንጩ ያስገባዋል። የተቅማጥና የአንጀት ተስቦ ብዛት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከምንጩ በላይ በኩል ውኃ መቀልበሻ ቦይ በሚያዝያ ቢቈፈር የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ በሰኔ ግን ጊዜው አልፏል። በእነዚያ ሳምንታት የሚጠጣው ውኃ ይፍላ።

ለጻፉልን መምህር አንድ ልመና አለን፤ ለሌሎችም መምህራን እንዲሁ። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ከትምህርት በትኩሳት የቀረ ተማሪ በተገኘ ጊዜ፣ ከስም መጥሪያው መዝገብ አጠገብ ሁለት ነገር ይጻፍልን፤ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀንና ልጁ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ያደረበት ቦታ። «ከቆላ አድረሃል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሥራ የሚከለከል መስሎት የሚደብቅ ልጅ አለና፣ «ማሽላው እንዴት ነበር?» ብሎ መጀመር ይሻላል። መልሱ «ጠብቄው ነበር» ከሆነ ልጁ የክፍሉ ሰዓት እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ዝርዝሩንም በጥር መጀመሪያ ለጽሕፈት ቤታችን ቢልኩልን፣ ለሚቀጥለው መስከረም አጎበሩ በየትኛው ቀበሌ አስቀድሞ መታደል እንዳለበት ከዚያ እናገኛለን።